የኋላ ሾክ ሲደክም ማን ይነግረናል?

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ፤ ለጥቂት ሰከንዶች ከፍ ብሎ ይቆይና ይወርዳል)

ክሎተን፣ ግላትብሩግ፣ ባሰርስዶርፍ፣ ቪንተርቱር፣ ዙሪክ ከተማ፣ ከወዲያ ደግሞ ጄኔቫ፣ ካሩዥና ቬርኒየር ያላችሁ ሁሉ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ዛሬ ወሬያችን መኪና ነው። አዲስ መኪና አይደለም፤ አሥር ዓመት ያለፈው፣ በአንድ ሁለት ሰው እጅ አልፎ እኛ ጋ የደረሰ ከፍ ያለ መኪና ነው። አገር ቤት ፊልድ መኪና የምንለው፣ እዚህ ኤስዩቪ የሚባለው። ከእሱም አንድ ነገር ብቻ መርጠናል፤ የኋላ ሾክ አብዞርበር።

"ምነው የኋላውን ብቻ?" ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የፊቱ ሲደክም መሪው ላይ ይታወቃል፤ እጃችሁ ይነግራችኋል። የኋላው የሚደክመው ግን ከሹፌሩ ጀርባ ነው። ሹፌሩ ምንም ሳይሰማው፣ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ "እማዬ፣ ሊያስመልሰኝ ነው" ይላል። እኛም ጥፋቱን ቁርስ ላይ እናላክካለን።

(አጭር ሙዚቃ)

መጀመሪያ ይህ ዕቃ ምን እንደሚሠራ እንነጋገር፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሾኩ ይመስለናል። አይደለም። የሚሸከመው ሞላው ነው። ጎማው ጉብታ ሲመታ ሞላው ይጨመቃል፣ ይዘረጋል፣ መልሶ ይጨመቃል። ዝም ብለን ብንተወው ቶሎ አያርፍም። ያንን መናጥ ይዞ የሚያበርደው ሾኩ ነው።

እንዴት ያበርደዋል? በውስጡ ዘይት አለ፤ በዘይቱ ውስጥ ትናንሽ ቀዳዳ ያለው ፒስተን ይመላለሳል። ወፍራም ሽሮፕ በሲሪንጅ ለመግፋት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ቀስ ስትሉት ይሄዳል፣ በኃይል ስትገፉት እምቢ ይላል። የሾኩም ነገር ይኸው ነው። የሞላው ጉልበት ዘይቱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ሙቀቱም በብረቱ በኩል ወደ አየር ይወጣል። ከረጅም መንገድ በኋላ ደህና ሾክ ሲነኩት ሞቅ የሚለው ለዚህ ነው።

እንድገመው፦ ሞላ ይሸከማል፣ ሾክ ያበርዳል። ይህቺን ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ገንዘብ ታድንላችኋለች።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ። አዲስ አበባ ላይ ሾክ ለምን እንደሚሞት ሁላችንም እናውቃለን፤ ጉድጓዱ አለ፣ ኮብልስቶኑ አለ። ክሎተን ውስጥ ጉድጓድ የታለ? ታዲያ እዚህ ሾኩን ምን ገደለው?

አንደኛ፣ ኪሎ ሜትሩ ራሱ። ፒስተኑ በእያንዳንዷ ትንሽ ንቅናቄ ይመላለሳል፤ ጥሩ በሚባል መንገድም ቢሆን ያልቃል። ሁለተኛው የዚህ አገር ነገር ነው፤ ክረምት ላይ መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው። ጨዉ ከውሃ ጋር እየተረጨ የሾኩን ዘንግ ያገኘዋል። ዘንጉ የተወለወለ ነው፤ አንዴ ዝገት ከጀመረው ግን ገጹ ይሻክራል። የሻከረው ዘንግ በወጣ በገባ ቁጥር የዘይት መያዣ ጎሚኒውን ይቦጭቀዋል። ከዚያ ዘይቱ መውጣት ይጀምራል።

ሦስተኛው እኛ ነን። ሠርግ አለ ተብሎ ከክሎተን ጄኔቫ ድረስ አምስት ሰው ተሳፍሮ፣ ከኋላ ድስቱ፣ መጠጡ፣ የክቱ ልብስ ተጭኖ የሚኬድበትን ቀን አስቡት። ወደ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዚያ ሸክም አብዛኛው የሚያርፈው የኋላ እግር ላይ ነው።

(ድምፅ፦ መኪና በአውቶባን ላይ ሲያልፍ፤ ይወርዳል)

"ታዲያ ትንሽ ቢወዛወዝ ምን ይላል? እንታገሠዋለን" የሚል አይጠፋም። ነገሩ የምቾት ብቻ ቢሆን እኔም እታገሥ ነበር።

በኤ አንድ አውቶባን ላይ በተፈቀደው 120 ስትነዱ፣ መኪናው በአንዲት ሰከንድ 33 ሜትር ያህል ይሄዳል። የድልድይ መጋጠሚያ ላይ ሾኩ የደከመ ጎማ ይዘላል። የሚዘል ጎማ ለቅጽበትም ቢሆን አስፋልቱን በደንብ አልያዘም ማለት ነው። አስፋልት ያልያዘ ጎማ ፍሬን አይዝም፣ መታጠፊያም አይዝም። መኪናችሁ ኤ ቢ ኤስ አለው፣ እንዳይንሸራተት የሚጠብቅ ኤሌክትሮኒክስም አለው። እነሱም ቢሆኑ ሥራቸውን የሚሠሩት በጎማው በኩል ነው፤ ጎማው መሬት ካልነካ ምን ያደርጉላችኋል? ከፍ ያለ መኪና ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ክብደቱ ከላይ ስለሆነ የጎን ነፋስ ሲመታው ጭራው ይሸሻል።

እንግዲህ መድከሙን እንዴት እናውቃለን? የዛሬው ዋና ነገራችን እዚህ ላይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሾክ በአንድ ቀን አይሞትም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይደክማል፤ እኛም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንለምደዋለን። ስለዚህ ሹፌሩ ምስክር አይሆንም። ምስክሩ ማን ነው? ጎማው ነው።

በዚህ አገር ከጥቅምት አካባቢ እስከ ፋሲካ በክረምት ጎማ መንዳት የተለመደ ነው። በአጠቃላይ የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ ግን በበጋ ጎማ በረዶ ላይ አደጋ ያደረሰ ሰው ጣጣው ብዙ ስለሆነ ሁሉም ይቀይራል። እናም መኪናችሁ በዓመት ሁለት ጊዜ አየር ላይ ተንጠልጥሎ አራቱም ጎማ ይወልቃል። በዚያ ሰዓት ሾኩ ፊት ለፊታችሁ ነው። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ቡና ይዘን ስልክ እንነካካለን፤ አይደለም እንዴ?

ዘንድሮ ጎማ ስታስቀይሩ ከጋራዡ ሰው ፈቃድ ጠይቃችሁ ገባ በሉ። የወለቀውን የኋላ ጎማ አስተኙትና መዳፋችሁን በጎማው ጥርስ ላይ ዙሪያውን አንሸራትቱት። ቀስ ብላችሁ። ዓይናችሁን ብትጨፍኑ ይሻላል፤ እጅ ከዓይን ይበልጥ ያውቃል። ጥርሱ ዙሪያውን እኩል ከሆነ ደህና ነው። እዚህ ጋ ከፍ፣ እዚያ ጋ ጎድጎድ፣ እንደገና ከፍ፣ እንደገና ጎድጎድ የሚል ከሆነ ግን ጎማው እየዘለለ ነበር ማለት ነው። መሬት በመታበት ቦታ ተበልቷል፣ በዘለለበት ቦታ ተርፏል።

ይህ ጎማ መንገድ ላይ ይጮኻል። ስልሳ ሰባ ላይ ከኋላ "ውውው" የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ብዙ ሰው የጎማ ኩሽኔታ ነው ብሎ ያስቀይራል። በነገራችን ላይ ከፍ ዝቅ ያለ አበላል ሁሉ የሾክ ጥፋት አይደለም። ባላንስ ያልተደረገ ጎማም፣ አቅጣጫው የተዛባ እግርም ያመጡታል። ለዚህ ነው ሁለተኛ ምስክር የምንፈልገው።

ሁለተኛው ምስክር ዘይቱ ነው። የእጅ ባትሪ ያዙና የሾኩን አካል እዩ። ከላይ፣ ዘንጉ ከሚገባበት አካባቢ፣ አቧራ የያዘ ቀጭን እርጥበት ብታዩ አትደንግጡ። ላብ ነው እንበለው፤ ዘንጉ ሲመላለስ ለማለስለሻ የምትወጣ ጥቂት ዘይት ናት። ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ የሾኩን ግማሽ ካራሰው፣ ጭቃው በዘይት ከተጣበቀ፣ ጫፉ ላይ ጠብታ ካለ ግን ሾኩ አልቋል።

ጥርጣሬ ካላችሁስ? በጨርቅ ወይም በሶፍት ጥርግ አድርጉት። አንድ ሳምንት ንዱትና መልሳችሁ እዩት። ደርቆ ከቆየ ጥሩ፤ መልሶ ከራሰ ነገሩ ታውቋል። ዝናብ ላይ ግን ይህን አትመኑ፤ ውሃና ዘይት ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ይመሳሰላሉ።

ሦስተኛው ቦኮላው ነው፤ ሾኩ ከላይና ከታች በብሎን የሚታሰርበት፣ ጎሚኒ የተሞላበት ቀለበት። የተሰነጠቀ ከሆነ፣ ወይም ቀዳዳው ከመሃል ሸሽቶ ከሆነ፣ ትንንሽ ጉብታ ላይ "ኳ ኳ" ይላል። ተመሳሳይ ድምፅ ከሌላ ቦታም ይመጣል፤ የተሰበረ ሞላም እንዲህ ያደርጋል። በተለይ የሞላው የታችኛው ዙር፣ ጨውና ጭቃ የሚተኛበት፣ በዚህ አገር መኪኖች ላይ ዝጎ ሲሰበር ይታያል። ባትሪውን ይዛችሁ እዚያው ናችሁና እሱንም አብራችሁ እዩት።

(ድምፅ፦ መኪና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲያልፍ)

"እኔ ግን የማውቀው ከጥግ ተጭኖ መልቀቅን ነው" የምትሉ አላችሁ። አዎ፣ ፓራውልቱን ወደ ታች ተጭኖ መልቀቅ የቆየ ዘዴ ነው። መኪናው አንዴ ተነስቶ ካረፈ ደህና ነው ይባላል። ከባድ ኤስዩቪ ላይ ግን ሞላው ጠንካራ ስለሆነ በእጅ ጉልበት ብዙ አይንቀሳቀስም። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘ በእርግጥ ሾኩ ሞቷል። ዝም ካለ ግን ደህንነቱ አልተረጋገጠም። ልዩነቱን አያችሁት? ጥፋተኛነቱን ያሳያል እንጂ ነፃ አያወጣውም።

ከዚህ የሚሻል ላሳያችሁ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ብቻ በሚፈቀድበት ሰፈር ውስጥ ጉብታ ያለበት መንገድ አታጡም። ጓደኛችሁን እግረኛ መንገድ ላይ አቁሙት። በሃያ፣ በሃያ አምስት ጉብታውን እለፉ። እሱ የኋላውን ፓራውልት ብቻ ይመልከት። አንዴ ወርዶ፣ ተነስቶ፣ ካረፈ መልካም። ወርዶ፣ ተነስቶ፣ እንደገና ወርዶ "እሺ" እያለ ከሄደ ግን አለቀለት። ወይም እሱ ይንዳና እናንተ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። መኪና ስትገዙም እንዲሁ አድርጉ፤ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሞክር ገዢ ብዙም የለም፤ ሻጩም ለዚህ አልተዘጋጀም።

(ሙዚቃ፤ አሥራ አምስት ሰከንድ)

ስለ መግዛት ካነሳን አይቀር፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል።

አውቶስካውት በሚባለው የመኪና መሸጫ ድረ ገጽ ላይ መኪና ስትፈልጉ "አፕ ኤም ኤፍ ካ" የሚል ታያላችሁ፤ የካንቶኑን ምርመራ አልፏል ማለት ነው። የዙሪክ ሰው ወደ አልቢስጉትሊ ወይም ወደ ቪንተርቱር፣ የጄኔቫ ሰው ወደ ካሩዥ የሚጠራበት ያው ምርመራ ነው። የግል መኪና መጀመሪያ ከተመዘገበ ከ5 ዓመት በኋላ ይጠራል፤ ከዚያ ከ3 ዓመት በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ በየ2 ዓመቱ። ዘይት የሚያፈስ ሾክ፣ የላላ ቦኮላ ከተገኘ ተመልሶ ያስመጣል። ነገር ግን ወረቀቱ የሚመሰክረው ለዚያ ቀን ነው። ምርመራው ከዓመት ተኩል በፊት ከሆነ መሃል ላይ አንድ ሙሉ የጨው ክረምት አልፏል።

ገለልተኛ ዓይን የሚፈልግ ሰው ቲ ሲ ኤስ ጋ መሄድ ይችላል። ይህ ማኅበር በ1896 ጄኔቫ ውስጥ በብስክሌት ነጂዎች የተመሠረተ ነው፤ ዛሬ በየቦታው የመመርመሪያ ማዕከል አለው፣ ያገለገለ መኪናም ይመረምራል። ከመግዛት በፊት እዚያ ማሳየት እፈልጋለሁ ስትሉት ፊቱ የሚለዋወጥ ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ሾኩን ማየት ሳያስፈልግ መልሱን አግኝታችኋል።

ውሉንም አንብቡ። በስዊዘርላንድ ሕግ ሻጩ "ዋስትና የለውም" ብሎ መጻፍ ይችላል፤ ባገለገለ መኪና ሽያጭም በብዛት ይጻፋል። እያወቀ በተንኮል የደበቀው ጉድለት ላይ ግን ይህ ጽሑፍ አያድነውም። ገዢውም ግዴታ አለበት፤ መኪናውን እንደተረከበ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይውል ሳያድር ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ። "ጎማ ስቀይር አያለሁ" ብሎ ወራት መቆየት አያዋጣም።

አንድ ነገር ደግሞ ጣል ላድርግ። ድሮ "ካረጀ አገር ቤት እልከዋለሁ" የምንለው ነገር ነበር። ኢትዮጵያ ከ2024 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ስለዚህ ይህ መኪና እዚሁ ይኖራል፤ እዚሁ ይጠገናል።

(አጭር ሙዚቃ)

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ነበር። ምን ነበር? ሞላ ይሸከማል፣ ሾክ ያበርዳል። ስለዚህ መኪናው ከኋላ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ጥፋቱ የሞላ ነው፤ ሾክ ብትቀይሩ አይነሳም። ገንዘብ ታድናለች ያልኩት ይህንን ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን ላወሳስብባችሁ፤ በዚህ አገር በጣም የሚገኝ አንድ ልዩ ጉዳይ አለ።

ሱባሩ ወደ ስዊዘርላንድ የገባው በ1979 ነው። ያስተዋወቀው በ1972 የሳፖሮ ኦሊምፒክ የቁልቁል ስኪ አሸናፊው በርንሃርድ ሩሲ ነበር። በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ለተራራ አገር ሰው ተስማማውና ሱባሩ እዚህ ሥር ሰደደ። ዛሬም ያገለገለ ፎረስተር የሚፈልግ ሰው ምርጫ አያጣም። የቆዩት ፎረስተሮች ብዙዎቹ ታዲያ ከኋላ የተለየ ሾክ አላቸው፤ ጭነት ሲበዛ ራሱን አንስቶ መኪናውን ቀጥ የሚያደርግ። ቮልቮ ኤክስሲ ናይንቲ ላይም በአንዳንዶቹ ኒቮማት የሚባል ተመሳሳይ ነገር ታገኛላችሁ። እንዲህ ያለው ሾክ ከክብደቱ ከፊሉን ራሱ ይሸከማል፤ አጠገቡ ያለው ሞላም በዚያው ልክ ለስለስ ተደርጎ ተሠርቷል።

እንግዲህ ይህ ሾክ ሲሞት ምን ይሆናል? መኪናው ከኋላ ይቀመጣል። ዋጋውም ከተራ ሾክ በጣም ይበልጣል። "ተራውን አድርግልኝ" ካላችሁ ደግሞ ለስላሳው ሞላ ብቻውን ይቀርና መኪናው እንደተቀመጠ ይቀራል። ወደ ተራ ሾክ መዞር ከተፈለገ ሞላውም አብሮ መቀየር አለበት። እንዲህ ያለ የዓይነት ለውጥ ስታደርጉ ጋራዡን "ይህ ለምርመራ ወረቀት ያስፈልገዋል ወይ?" ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ተመሳሳዩን በተመሳሳይ መተካት ጣጣ የለውም፤ ዓይነቱን መለወጥ ግን ሊጠየቅበት ይችላል። በአየር የሚሠራ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ የገባበት ሾክ ያለው መኪና ላይም ሳትጠይቁ ምንም አትዘዙ።

ለማዘዝ ደግሞ የመኪናውን ስም ብቻ መናገር አይበቃም። ፋርጾይግአውስቫይሱን፣ የመኪናውን መታወቂያ ወረቀት፣ አውጡ። ቁጥር 23 ላይ የሻንሲ ቁጥሩ አለ፤ ቁጥር 24 ላይ የዓይነት ማረጋገጫ ቁጥሩ አለ። እነዚህን ሁለቱን ለዕቃ ሻጩ ስጡት። ዙሪክ ላይ "ሽቶስዴምፕፈር ሂንተን" በሉ፣ ጄኔቫ ላይ "አሞርቲሰር አሪየር"። ሳክስ፣ ቢልሽታይን፣ ካያባ፣ ሞንሮ የታወቁ ስሞች ናቸው፤ የፋብሪካው ሳጥን ላይ የመኪናው አርማ ባይኖርም አትፍሩ።

ስንት እንዘዝ? አንድ የፈሰሰ ቢሆንም ሁለት። ሾክ በጥንድ ነው የሚቀየረው፤ ግራና ቀኝ አብረው። አንዱ አዲስ፣ አንዱ የደከመ ከሆነ መኪናው በአንድ ጎኑ ይያዛል፣ በሌላው ይሸሻል። ፍሬን ላይ ይህን አትፈልጉትም።

(አጭር ሙዚቃ)

በራሴ ልቀይረው እችላለሁ ወይ? ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቄያለሁ፤ የጋራዥ የእጅ ዋጋ በሰዓት ከ100 ፍራንክ በላይ በሆነበት አገር ማን አይጠይቅም?

መልሱ በአንድ ነገር ይወሰናል። ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ሞላው ለብቻው፣ ሾኩ ለብቻው ቆሟል? ያኔ መካኒክነት የሚያውቅ ሰው ይሠራዋል። ሞላው በሾኩ ላይ ተጠምጥሞ አንድ ላይ ነው? ያኔ ተዉት። ያንን ለመፍታት ሞላ መጭመቂያ ያስፈልጋል፤ የተጨመቀ ሞላ አምልጦ ከወጣ ሰው ይገድላል። ይህን ስል ለማስፈራራት አይደለም።

የት ይሠራል? ከሕንፃው ሥር ባለው የጋራ መኪና ማቆሚያ አይሠራም፤ ብዙ የኪራይ ደንብ ይከለክላል። እሑድ ቀን መዶሻ ማንሳትም ጎረቤት ያጣላል። የመኪና ማንሻውን በሰዓት የሚያከራዩ ወርክሾፖች አሉ፤ ሚትቬርክሽታት ብላችሁ ፈልጉ። መኪናው በሰው ቁመት ላይ ሲቆም ሥራው በግማሽ ይቀላል።

በክሪክ የምትሠሩ ከሆነ ግን በደንብ ስሙኝ። አብዛኛው መኪና ላይ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። የኋላውን ካነሳችሁት የእጅ ፍሬኑ ማንንም አይዝም። ስለዚህ ከማንሳታችሁ በፊት የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በሽብልቅ አስይዙ። የጎማውን ዳዶ ጎማው መሬት ላይ እያለ አላሉት። ካነሳችሁ በኋላ በጠንካራ የብረት መቆሚያ ላይ አሳርፉት። ክሪክ ለማንሳት ነው፣ ለማቆም አይደለም። እደግመዋለሁ፦ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይገባም።

ብሎኖቹ በጨው ዝገዋል ብላችሁ አስቡ። ከአንድ ቀን በፊት ጀምራችሁ የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ንፉባቸው፤ ያደረ ብሎን ይታዘዛል።

ከመፍታታችሁ በፊት ጎማውን የያዘውን የብረት ክንድ በሁለተኛ ክሪክ ከሥር ደግፉት። ለምን? ምክንያቱም በብዙ መኪኖች ላይ ክንዱ ወደ ታች እንዳይወድቅ የሚይዘው ሾኩ ራሱ ነው። ሾኩን ስትፈቱት ክንዱ ይወርዳል፤ ሞላው ከቦታው ይወጣል፣ የፍሬን ቱቦው ይወጠራል። የፊት መብራቱን ከፍታ የሚያስተካክል ትንሽ ዘንግም እዚያው አካባቢ የታሰረበት መኪና አለ፤ እሱም ይሰበራል። ዕቃው ከሾኩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

የላይኛው ዳዶ አንዳንድ መኪና ላይ ከዕቃ መጫኛው ምንጣፍ ሥር ነው። ዳዶው ሲዞር ዘንጉም አብሮ ሊዞር ይችላል፤ ጫፉ ላይ በቁልፍ የሚያዝበት ቦታ አለው፣ በዚያ ያዙት። በፒንሳ የተወለወለውን ገጽ አትያዙ። ቅድም ዝገት ጎሚኒውን እንዴት እንደሚቦጭቅ ነግሬያችኋለሁ፤ ፒንሳም ያንኑ ያደርጋል፣ በአዲሱ ሾክ ላይ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን።

አዲሱን ከሳጥኑ አውጥታችሁ ወዲያው አትግጠሙት። መጋዘን ውስጥ ተኝቶ ከርሟል፤ ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቶ ይሆናል። እንደሚገጠም አድርጋችሁ ቀጥ አቁሙትና ዘንጉን ሙሉ ለሙሉ ጥቂት ጊዜ ግፉት፣ ልቀቁት። መጀመሪያ ላይ ባዶ ቦታ የሚያገኝ ይመስላል፤ ቆይቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይከብዳል። ያኔ ግጠሙት።

አንዱን ጎን ሳትጨርሱ ሌላውን አትፍቱ። ግራ ሲገባችሁ የምታዩት ያልተነካ ጎን ይኑራችሁ።

አሁን ደግሞ ባለሙያ ነኝ የሚሉም የሚረሱት ነገር። መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ የቦኮላውን ብሎን እስከ መጨረሻው አታጥብቁ። ቦኮላው ውስጥ ያለው ጎሚኒ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ነው፤ ባጠበቃችሁበት ሁኔታ ይቆያል። እግሩ ተንጠልጥሎ ካጠበቃችሁት መኪናው መሬት ሲነካ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ሌት ተቀን እንደተጠመዘዘ ይኖራል፣ በአጭር ጊዜም ይቀደዳል። መኪናው በራሱ ክብደት መሬት ላይ ሲቆም፣ ወይም ክንዱን በክሪክ እዚያ ከፍታ ላይ አድርሳችሁ፣ ያኔ አጥብቁ። በምን ያህል ኃይል? አምራቹ ባወጣው ቁጥር፣ በቶርክ ቁልፍ። በክንድ ግምት አይሆንም። የሚቆልፉት ዳዶዎችም አሮጌዎቹ ተመልሰው አይታሰሩም፤ አዲስ ይገባል።

ጎማውን መልሳችሁ አሰራችሁ። ወደ 50 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ የጎማውን ዳዶ እንደገና በቶርክ ቁልፍ ፈትሹ። ጎማ ቤት ሲቀይሩላችሁ ይህንኑ ጽፈው ይሰጧችኋል፤ ስንቶቻችን እንደምናደርገው ግን እንጃ።

አሮጌውን ሾክ አትቁረጡት፣ አትብሱት፣ እሳት አታስጠጉት። ውስጡ ዘይት አለ፣ ብዙዎቹ ደግሞ በኃይል የታመቀ ጋዝ አላቸው። ጋራዡ ወይም የሰፈራችሁ የቆሻሻ መቀበያ ጣቢያ ይወስደዋል።

(የመለያው ሙዚቃ ከሥር ቀስ ብሎ ይገባል)

ከተሰናበትን በኋላ ደውላችሁ እንዳትቆጡኝ አንድ ነገር ላስታውስ። ሾኩ ተቀይሮ መኪናው መወዛወዙን አቁሞ "ውውው" የሚለው ድምፅ ግን እንዳለ ሊቀር ይችላል። አዲሱ ሾክ የተበላሸ አይደለም። የተበላውን ጎማ ማንም አይሞላውም፤ ከፍ ዝቅ ያለው ጥርስ እስኪያልቅ ወይም ጎማው እስኪቀየር ድረስ ይጮኻል። ጥርሱ ገና ብዙ ከቀረው ጎማ ቤቱን ከኋላ ወደ ፊት ብናዛውረውስ ብላችሁ ጠይቁ፤ ድምፁ ይለወጣል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ መኪና ባትሪና ስለ ክረምት ጠዋት እንነጋገራለን። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን። ደህና ሰንብቱ።

(ሙዚቃው ከፍ ብሎ ይወጣል)